ለመፅነስ የሚሰጥ የሆርሞን መድኃኒትና የማሕፀን ሽፋን

በቢቸናና በሞጣ፥ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፥ ያልወለደች ሴት «መካን» እየተባለች ስትታማ፥ አልፎም ትዳሯን ስታጣ ይታያል። መምህራንና የከተማው ሰዎች ነገሩን ተረድተው ለሌላው እንዲያስረዱ፥ በዚህ ወር ስለ ሆርሞን መድኃኒትና ስለ ጽንስ መያዝ ጥቂት እንገልጻለን።

የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ጽንስ የሚተከልበት መሬት ነው። የወር አበባ ካለፈ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሽፋኑን ያወፍረዋል፤ ዕንቍላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጀስትሮን የተባለው ጽንስ ለመቀበል ያዘጋጀዋል። ጽንሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚተከለው ዕንቍላል ከወጣ ከ6 እስከ 10 ባሉት ቀኖች ነው። የጎጃም ገበሬ እንደሚያውቀው፥ የጤፍ ዘር መልካም ቢሆንም እንኳ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ቢዘራ ፍሬው አያጠግብም፤ የጽንስም ነገር እንዲሁ ነው።

በተፈጥሮ በየወሩ የሚበስለው ዕንቍላል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሐኪም የሆርሞን መርፌ ሲሰጥ ግን ብዙ ዕንቍላል ባንድነት ይበስላል፤ የኤስትሮጅንም መጠን ከተፈጥሮው እጅግ ይበልጣል። ፕሮጀስትሮን ያለ ጊዜው ከፍ ያለ እንደ ሆነ፥ ሽፋኑ ከጽንሱ ቀድሞ ይደርስና የመቀበያው ጊዜ ያልፋል። ክሎሚፌን የተባለው ኪኒንም በአንዳንድ ሴቶች ሽፋኑን ያሳሳል።

በ1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሉዊዝ ብራውን ስትወለድ፥ ከሰውነት ውጭ በተፀነሰ ጽንስ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሕፃን ሆነች። ሐኪሙ ስቴፕቶና ሊቁ ኤድዋርድስ አስቀድመው በሆርሞን የሞከሩት ስላልተሳካ፥ እርሷ የተገኘችው በተፈጥሮ ከበሰለ አንድ ዕንቍላል ነበር። ዛሬ ግን ሽፋኑ ያልተስማማ እንደ ሆነ፥ ጽንሱን በብርቱ ብርድ አቆይቶ በሌላ ወር ወደ ማሕፀን ማስገባት ይቻላል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማዕከል ተከፍቷል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፤ ባልና ሚስት አንድ ዓመት አብረው ኖረው ጽንስ ካልተገኘ፥ ሴቲቱም ዕድሜዋ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነ ከ6 ወር በኋላ፥ ሁለቱም ባንድነት ይመርመሩ። ምክንያቱ ከባል በኩል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ሁለተኛ፤ የሆርሞን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ አይገባም። የዕንቍላል ማኅደር ከልክ በላይ ሊያብጥ፥ በሆድም ውኃ ሊቋጠር ይችላል፤ መንታ ወይም ከመንታ በላይ መፅነስም ለእናቲቱና ለልጆቹ አደጋ አለው።

ሦስተኛ፤ መድኃኒት ተወስዶ ጽንስ ባይያዝ ሴቲቱን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ከላይ እንደ ገለጽነው ነገሩ የሆርሞንና የጊዜ መስማማት ነው እንጂ የእርሷ ጥፋት አይደለም። ይህን ለጎረቤቱ የሚያስረዳ ሰው አንድ ትዳር ከመፍረስ ሊያድን ይችላል።