የእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜና የይቅርታ አጠያየቅ

በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስንጠይቅ ትሕትናችንን የሚያበላሽብን አብዛኛውን ጊዜ የቃል ማነስ ሳይሆን የግስ ጊዜ ነው። አሳቡን በአማርኛ አስበን ቃል በቃል እንመልሰዋለን። ሰው ሲጠራን ገና ከወንበራችን ሳንነሣ «መጣሁ!» እንላለን፤ ይህ ኃላፊ ጊዜ ነው። እንግሊዝ ግን «አይ ኤም ካሚንግ» ይላል እንጂ «አይ ኬም» አይልም።

አርፍዶ ወደ ክፍል የሚገባ ተማሪ፣ በአማርኛ «አርፍጃለሁ» ግስ ስለሆነ «አይ ሌት» ቢል ዓረፍተ ነገሩ ይጎድላል፤ «ሌት» ቅጽል ነውና «አይ ኤም ሌት» ማለት አለበት። መጽሐፉን የረሳም «አይ ኤም ፎርጌቲንግ» ሳይሆን «አይ ሃቭ ፎርጎትን» ይበል፤ መርሳቱ አልፏል፤ ውጤቱ ግን አሁንም በባዶ እጁ ላይ ይታያል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ «አይ አፖሎጃይዝ» ነው። ይቅርታው የሚጠየቀው አሁን ስለሆነ «አይ ኤም አፖሎጃይዚንግ» መባል የሚገባው ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ሥራው ተፈጽሟልና ተራው የአሁን ጊዜ ይበቃዋል። (በአማርኛም ቢሆን «ይቅርታ እየጠየቅሁህ ነው እኮ!» የሚል ሰው የተቆጣ እንጂ የተጸጸተ አይመስልም።)

«ኤክስኪዩዝ ሚ» በአብዛኛው ሰውን ከማስቸገር በፊት፣ «ሶሪ» ካስቸገሩ በኋላ ይነገራል። ሐዘን ለደረሰበት ሰውም እንግሊዞች «አይ ኤም ሶሪ» ይላሉ፤ ይኸውም እንደ እኛ «እግዜር ያጥናህ» ማጽናኛ ነውና፣ የሰማ ሁሉ «ምን በድሎት ይሆን?» ብሎ አይጠርጥር።