በጥቂቱ መታመን ከጓዳ ይጀምራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም ስድስተኛ ሳምንት ለገብር ኄር በሰላም አደረሳችሁ። በዚህ ሰንበት የሚነበበው ወንጌል መክሊት ስለተሰጣቸው ሦስት አገልጋዮች ይናገራል (ማቴ. 25፥14-30)። ሁለቱ የተመሰገኑት በጥቂቱ ስለታመኑ ነው። ታዲያ የእኛ «ጥቂት» የት ነው ያለው? ብዙዎቻችን በዐውደ ምሕረት እንፈልገዋለን። ዛሬ ግን ወደ ጓዳችን እንግባ።

ቅዳሜ በመርካቶ

መርካቶ ለሚውል ሰው ቅዳሜ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሸማ ተራ በሉት በርበሬ ተራ፣ ግፊያው ያን ቀን ይብሳል። ደክሞን ቤት ስንገባ ያልታጠበ ሰሐንና ያልተጠረገ ወለል ይጠብቀናል። «እኔ መቼ ነው የማርፈው?» እንላለን። ቀኑን ሙሉ የጾምነውን ጾም ማታ በማጉረምረም እንሽረዋለን።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። አንድ ቅዳሜ እናቴ ሰሐኑን እንዳጥብላት ጠየቀችኝ። «ዲያቆን ነኝ፣ ለነገ ምንባብ ልዘጋጅ» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ ራሷ አጠበች። ከዚያ እጇን አድርቃ፣ ለጎረቤት አራስ ልጅ የጀመረችውን ትንሽ ሹራብ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም። እኔ ግን መጽሐፉን ገልጬ አንድም ቃል አልገባህ አለኝ። በአብነት ትምህርት ቤት ለመምህሬ ውኃ ስቀዳ፣ እንጨት ስለቅም ኮርቼ ነበር፤ ለእናቴ ሰሐን ማጠብ ግን አሳፈረኝ! መክሊቴን የቀበርኩት ያን ቀን ነው።

ተግባረ እድ

አባቶቻችን የእጅ ሥራን «ተግባረ እድ» ብለው ከጸሎት ጎን አስቀምጠውታል። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ ቢዝልበት፣ መልአክ በሰው አምሳል ተገልጦ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲሠራ አሳይቶታል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ ይተዳደር ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት እሷ የሠራችላቸውን ልብስ ነው (ሐዋ. 9፥39)። እመቤታችንንም በቤተ ክርስቲያናችን የብሥራት ሥዕሎች ላይ ስትፈትል እናያታለን። ብሥራቱ የሚታሰብበት መጋቢት 29 አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ጾም ውስጥ ይውላል። መልአኩ እጇን በሥራ፣ ልቧን በጸሎት አገኛት።

ሹራብ ምን ያስተምረናል?

ሹራብ መሥራት ብዙ ወጪ አይፈልግም፤ ክርና መሥሪያው ይበቃል። አዲስ ክር መግዣ ከሌለም ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦ እንደገና ይሠራበታል። ምን አለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን አይተን የለ? ባለን መርካት ማለት ይህ ነው። ሐዋርያው እግዚአብሔርን መምሰል ኑሮዬ ይበቃኛል ከማለት ጋር ትልቅ ትርፍ እንደሆነ ጽፏል (1ጢሞ. 6፥6)።

ከሥራው መሐል አንዲት ቀለበት ብታመልጥና ዝም ብንላት፣ የተለፋበት ሁሉ ይተረተራል። ቶሎ ተመልሶ ማንሣት ያስፈልጋል። ንስሐም እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ናት ብለን የተውናት ኃጢአት ሌላውን ትፈታለች። ደግሞም እጅ ክር ሲይዝ ምላስ ከሐሜት ይጾማል። 41 ጊዜ እግዚኦታ እያደረሳችሁ ብትሠሩ፣ ቤታችሁ የጸሎት ቤት ይሆናል።

ነገር ግን እንጠንቀቅ

ማርታ የተወቀሰችው ስለሠራች አይደለም፤ በብዙ ስለታወከችና እኅቷን ስለከሰሰች ነው (ሉቃ. 10፥38-42)። ሥራው ከቅዳሴ እንዳያስቀረን እንጠንቀቅ። እሑድ የጌታችን ትንሣኤ መታሰቢያ ናት፤ ልብስ ማጠቡም ክሩም ይቆየን። ቀዳሚት ሰንበትም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ክብሯ የጸናላት ናት። ስለዚህ ከባድ ከባዱን ሥራ በአዘቦት ቀን እንከፋፍለው። ኑሮው ካላመቻችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ። ለታመመ ማብሰልና አቅመ ደካማን መርዳት ግን በሰንበትም የተፈቀደ በጎ ሥራ ነው (ማቴ. 12፥12)።

አንተ ወንድሜ፣ ባለቤትህም እንዳንተ ስትጾም መዋሏን አትርሳ። እሷ ጎንበስ ብላ ስትጠርግ አንተ መዝሙር ከፍተህ ብትቀመጥ፣ መዝሙሩ ይወቅስሃል። መጥረጊያውን ተቀበላት። አንቺም እኅቴ፣ በቤትሽ ሠራተኛ ካለች የምታርፍበትና የምታስቀድስበት ጊዜ ስጫት።

እስከ ትንሣኤ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውናል። አንዲት የሕፃን ቆብ ወይም ካልሲ ጀምረን ብንጨርስና ለአንድ ችግረኛ እናት ብንሰጥ ምን ይጎድለናል? እናቴ ያን ሹራብ ጨርሳ ሰጠችው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሰሐኑን ሳልጠየቅ አጥባለሁ። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ምንባቡ አሁን ይገባኛል።

አምላካችን በጥቂቱ የምንታመን ያድርገን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።