የበረራ ተቆጣጣሪዎች እጥረት በአነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች፦ የሌክሲንግተን አደጋ እንደ ማሳያ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2006 ከንጋት በፊት፣ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ከሌክሲንግተን ሊነሣ የነበረው የኮምኤር በረራ 5191 በተፈቀደለት ማኮብኮቢያ 22 ፈንታ አጭሩን ማኮብኮቢያ 26 በመያዙ ተከሰከሰ፤ ከተሳፈሩት 50 ሰዎች 49ኙ ሞቱ። መመሪያው የማማውና የራዳሩ ሥራ ለሁለት ተቆጣጣሪዎች እንዲከፈል ቢጠይቅም፣ ሁለቱንም የያዘው አንድ ሰው ነበር፤ የመነሻ ፈቃድ ከሰጠ በኋላም ወደ አስተዳደራዊ ሥራ በመዞሩ ስሕተቱን አላየም። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ምክንያት በአብራሪዎቹ ስሕተት ላይ አኑሯል። ስለሆነም የሰው እጥረት አደጋውን ወለደ ማለት አያስኬድም፤ ይሁን እንጂ ስሕተትን ሊገታ የሚችለውን የመጨረሻ አጥር ያሳሳል። እንግዲህ የተቆጣጣሪ ምደባ በበረራ ብዛት ብቻ ሳይሆን በተደራረቡት ተግባራት ልክ መመዘን ይኖርበታል።