የአገር ቤት ዘር አማና ነው

ሱረቱ ረዕድ 13፡4 በአንድ ውሃ የሚጠጡ አዝመራዎች በጣዕም እንደሚበላለጡ እንድናስተነትን ይጋብዘናል።

ሁለት የአገር ቤት ገብሶች መልካቸው አንድ ሆኖ ዲኤንኤያቸው ሊራራቅ ይችላል። ማይክሮሳተላይት የሚባሉት ምልክቶች አጭር የዲኤንኤ ቅደም ተከተል የሚደጋገምባቸው ቦታዎች ናቸው፤ በፒሲአር አባዝተን ርዝመታቸውን ስናነጻጽር የዝርያዎቹ ልዩነት ይታያል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ቅጠል እያገረጣ ገብስን የሚያቀጭጭ ቫይረስ አለ። እሱን ለመቋቋም የሚረዳው ዋይዲ2 የተባለው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ በካሊፎርኒያ ዝርያዎችም ውስጥ ገብቷል። ያ ዘር ቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ጂኑም አብሮት ይጠፋ ነበር።

ምልክቱ የትኛው ዘር ጥበቃ እንደሚሻ ያሳያል፤ ዘሩን ጠብቆ ያቆየው ግን ገበሬው ነው። ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ የዘሮቹን ስም ከነጠባያቸው ታላላቆቻችንን ጠይቀን እንመዝግብ።