ሞክሼ ቃላት በእንግሊዝኛ ንባብ

በአሶሳም ሆነ በሌሎች የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከተሞች የሚማር ወጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቋንቋ ይዞ ያድጋል። በቤቱ የበርታን፣ የጉሙዝን፣ የሺናሻን፣ የማኦን ወይም የኮሞን ቋንቋ ይናገራል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት በአማርኛ ይግባባል፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ድምፁን አሰምቶ ማንበብ የሚፈራ ተማሪ ከቋንቋው ብቻ ሳይሆን ከሌላውም ዕውቀት ይርቃል። ለዚህ ፍርሃት አንዱ ምክንያት የሞክሼ ቃላት ነገር ነው።

ሞክሼ ቃላት የምንላቸው በጽሕፈትና በትርጉም ተለያይተው በድምፅ ግን አንድ የሆኑትን ነው። በእንግሊዝኛ «ሳን» ፀሐይም ነው፣ ወንድ ልጅም ነው። «ፒስ» ሰላምም ቁራጭም፣ «ኦልተር» መሠዊያም መለወጥም፣ «ፕሮፊት» ነቢይም ትርፍም ይሆናል። አንዳንድ ተማሪዎች ፊደሉ ስለ ተለያየ ድምፁም መለየት ያለበት ይመስላቸዋል፤ ነቢዩን ከትርፉ ለመለየት ሲሉም «ፕሮፌት» እያሉ ያነባሉ። ይህ ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከኅትመት መስፋፋት ጋር እየረጋ ሲሄድ አነጋገሩ መለወጡን ቀጥሎ ስለ ነበር፣ ፊደል ሁልጊዜ የድምፅ መሪ አይሆንም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ግን ሌባው የሚሠራው ሥራ ነው። ዛሬ ሁለቱን በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን፤ ነገር ግን «ሠረቀ ፀሐይ» ሲባል ፀሐይን በሌብነት የሚጠረጥር የለም። ትርጉሙን የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

በአንጻሩ፣ ለጆሮአችን አንድ የሚመስሉ፣ በእንግሊዝኛ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት አሉ። በእኛ ፊደል በግም መርከብም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ፤ ሆኖም የበጉ ድምፅ ከንፈርን ገለጥ አድርጎ ረዘም ይላል፣ የመርከቡ ግን አጭርና ላላ ያለ ነው። መሄድና መኖርም («ሊቭ») እንዲሁ ናቸው። «ማሰብ» የሚለውን ቃል ስናነብ የምላስን ጫፍ በጥርሶች መካከል ካላደረግን ቃሉ ወደ «መስጠም» ይለወጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለመለየት የአካባቢያችን ልጆች ጥሩ መሠረት አላቸው። በጉሙዝና በበርታ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለያል፤ በአማርኛም «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልዩነት የለመደ ጆሮ በጉን ከመርከቡ መለየት አያቅተውም። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከማፈር ይልቅ ለትምህርቱ መነሻ ሊያደርጉት ይገባል።

ለመለማመጃ፦ ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ «ዘ ሳን ኢዝ ሆት»፣ «ማይ ሳን ኢዝ ሂር» እያለ ያንብብ፤ ሌላው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ። ከዚያም የበጉንና የመርከቡን ቃል እያፈራረቀ ያንብብለት፤ ሰሚውም የትኛው እንደ ተነበበ ይናገር። በመጀመሪያው ልምምድ ዐረፍተ ነገሩን፣ በሁለተኛው ድምፁን ማዳመጥ እንደሚያስፈልግ ትረዳላችሁ።