ሉፐስና ኩላሊት፤ ደም አስቀድሞ የሚናገረው

በአሰላ ከተማና በአርሲ ደጋ የሚኖር ሰው አየሩ ብርዳም ስለ ሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። አንዲት ወጣት ፀሐይ ላይ ውላ ጉንጮቿና አፍንጫዋ የቢራቢሮ ክንፍ በሚመስል ሽፍታ ቢቀሉ ወይም ቢጠቁሩ፣ ቤተ ሰዎቿ «ምች መታት» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ያጠጧታል። ሽፍታው ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ከድካምና ከፀጉር መርገፍ ጋር የሚመላለስ ከሆነ ግን ሉፐስ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሉፐስ ተላላፊ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ነው። ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። እጅግ የሚያሰጋውም ኩላሊትን ሲነካ ነው፤ ኩላሊት እየተጎዳ ሳለ ሕመም አይሰማምና።

ታዲያ ጉዳቱ በምን ይታወቃል?

1ኛ/ ክሪአቲኒን፤ ኩላሊት ከደም አጥርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው። የኩላሊት ሥራ ወደ እኩሌታው እስኪቀንስ ድረስ ከልኩ ላያልፍ ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ መታመን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

2ኛ/ ፀረ-ዲኤንኤ፤ የመከላከያው ኃይል የራሱን ሕዋስ አስኳል የሚወጋበት መሣሪያ ነው። በሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ መኖሩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ተገለጠ። ከፍ ማለቱ ኩላሊት እንደሚያሰጋው ያመለክታል።

3ኛ/ ሲ-ሦስትና ሲ-አራት፤ በዚህ ውጊያ የሚያልቁ የደም ፕሮቲኖች ስለ ሆኑ መጠናቸው ይቀንሳል።

ከነዚህ አንዱም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ከሽንት ምርመራ ጋር አብረው ሊታዩ ይገባል። በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ከግማሽ ግራም የበለጠ ፕሮቲን ቢገኝ፣ ሐኪሙ ከኩላሊቱ ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ሊያዝዝ ይችላል።

ስለዚህ ሉፐስ ያለባት ሴት ደኅና ብትመስልም ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደሟንና ሽንቷን ታስመርምር። የታዘዘላትን መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጥ፤ ፀሐይ ሲበረታም ጥላ ትያዝ።

መምህራን ሆይ፣ ከተማሪዎቻችሁ አንዲቱ ፊቷ ሽፍታ ይዞት፣ ጣቶቿ አብጠው ብርዕ መያዝ ቢያቅታት፣ ስንፍና ነው አትበሉ። ወላጆቿን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም አሰላ ወደሚገኘው ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል እንዲወስዷት ምከሩ። በጊዜው የተደረገ ምርመራ ኩላሊቷን ሊያድንላት ይችላልና።