ጀርባችን አማና ነው፦ በትግል ልምምድ አከርካሪን ስለመጠበቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጀመዓችን ልጆች መካከል ጁዶ፣ ነጻ ትግልና ጁጂትሱ የሚለማመዱት ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ደስ ይለናል። ከዚሁ ጋር ግን በሶላት ሰፍ ላይ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ከሱጁድ የሚነሳ የሃያ ዓመት ወጣት ማየትም እየለመድን መጥተናል። በዚህ ዕትም ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የፈለግነው ችግሩ በአብዛኛው ከስፖርቱ ሳይሆን ከአሠራራችን የሚመጣ ስለሆነ ነው።

ትግል በታሪካችን ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሩካና የተባለውን ብርቱ ታጋይ ታግለው እንደጣሉት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ቲርሚዚ ራሳቸው የሰነዱን ድክመት ስለጠቆሙ ታሪኩን ስናወራ ይህንንም አብረን መናገር ይገባናል። የሲራ ጸሐፊዎችም ከኡሑድ ዘመቻ በፊት ወጣቱ ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ ጓደኛውን ራፊዕ ኢብን ኸዲጅን ታግሎ በመጣሉ ከሠራዊቱ ጋር እንዲሰለፍ እንደተፈቀደለት ያወሳሉ። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ደግሞ ቀኑን ሁሉ በጾም ሌሊቱን ሁሉ በሶላት ሲያሳልፉ፣ ሰውነታቸው በእርሳቸው ላይ ሐቅ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳስታወሷቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ለዒባዳ እንኳ እንዲህ ከተባለ፣ ለአንድ ሜዳሊያ ወይም ጓደኛን ለመርታት ሲባል ጀርባን ማበላሸት በምን ይመካኛል?

አሁን ወደ አካሉ አሠራር እንግባ። ከራስ ቅል በታች ሰባት የአንገት፣ አሥራ ሁለት የደረት፣ አምስት የወገብ አጥንቶች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ በታች ደግሞ እርስ በርስ የተጣበቁት የዳሌና የጭራ አጥንቶች አሉ። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የምንለው ትራስ ይገኛል። የዲስኩ ዙሪያ እንደ መኪና ጎማ ተደራርቦ የተጠቀለለ ጠንካራ ክር ሲሆን መሃሉ ውሃ የበዛበት ጄል ነው። ጎንበስ ስንል የዲስኩ ፊት ይጨመቃል፣ ጄሉም ወደ ኋላ ይገፋል። ከኋላ ደግሞ ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች አሉ። አንድ ጊዜ በመጉበጥ ምንም አይሆንም። ከባድ ነገር ይዘን በጎበጠ ወገብ በየቀኑ መቶ ጊዜ ስንመላለስ ግን ዙሪያው ያለው ክር ቀስ በቀስ ይሰነጣጠቃል። «የዲስክ መንሸራተት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን የመጣ ይመስላል እንጂ ሲጠራቀም የኖረ ነው።

የምህንድስና ተማሪዎች ስለሆንን አንድ ቀላል ስሌት ብንሠራ አይፈረድብንም። ተጋጣሚያችን 60 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ክብደቱ 600 ኒውተን ገደማ ነው። ከወገባችን 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሳለ ብናነሳው በወገባችን ላይ የሚፈጠረው ሞመንት 600 × 0.4 = 240 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚቋቋሙት የጀርባ ጡንቻዎች ደግሞ ከአከርካሪው መሃል የሚርቁት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 240 ለ0.06 ሲካፈል 4,000 ኒውተን ይሆናል፤ 400 ኪሎ እንደመሸከም ማለት ነው። የራሳችንን የላይኛ አካል ክብደትና የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ገና አልጨመርንም። ያንኑ ሰው ደረታችን ላይ ለጥፈን ርቀቱን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ብናወርደው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። አሰልጣኞች «መጀመሪያ ግባበት፣ ከሥሩ ግባ፣ ከዚያ አንሳ» እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው። ክንዱን ዘርግቶ በወገቡ የሚጎትት ጀማሪ ቢያሸንፍ እንኳ ዋጋውን የሚከፍለው ዲስኩ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ጎንበስ ሳንል እንዴት እንታገላለን የሚለው ነው። መልሱ፦ ጎንበስ እንላለን፤ የምንታጠፈው ግን ከዳሌ እንጂ ከወገብ አይደለም። ይህን ቅርጽ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ እንሠራዋለን። ዐኢሻ (ረ.ዐ) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሩኩዕ ሲገልጹ ራሳቸውን ወደ ላይ ሳያቀኑ ወደ ታችም ሳይደፉ በመካከል ያደርጉት እንደነበር በሙስሊም ተዘግቧል። በኢብን ማጃህ ዘገባም ጀርባቸው ውሃ ቢፈስበት እስኪረጋ ድረስ ቀጥ ይል እንደነበር ተወስቷል። የቁርኣን መምህራችን ሕፃናት ሳለን ጀርባችንን በእጃቸው ዳበስ እያደረጉ የሚያስተካክሉት ያ ቅርጽ፣ የአከርካሪ ሐኪሞች «ገለልተኛ ጀርባ» ከሚሉት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሶላት ስፖርት ነው ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሶላትን ከጂምናስቲክ ጋር እያመሳሰሉ ጥቅሙን የሚዘረዝሩ ጽሑፎች ብዙም አይጥሙንም፤ ሶላት ዒባዳ ነው፣ የምንሰግደውም አላህ ስላዘዘን ነው። የምንለው ሰውነታችን ቅርጹን ያውቀዋልና ምንጣፉ ላይ አንርሳው ነው።

ለመለማመድ አንድ የመጥረጊያ እንጨት በቂ ነው። እንጨቱን ከኋላ በኩል በቁመት ጀርባችሁ ላይ አድርጉት። የራስ ቅላችሁን ኋላ፣ በትከሻ አጥንቶቻችሁ መካከልና ከወገብ በታች ያለውን አጥንት፣ ሦስቱንም ቦታ ይንካ። ከዚያ ጉልበታችሁን ጥቂት አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ጎንበስ በሉ። እንጨቱ ከሦስቱ በአንዱ ከለቀቀ ወገባችሁ ጎብጧል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ የሠራ ሰው ተጋጣሚውን ሲይዝ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል።

ስለ መተጣጠፍም የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። «ጀርባዬ ደርቋል» የሚል ልጅ ወዲያው ወገቡን ማጣመምና «ቋ» ማሰኘት ይጀምራል። የወገብ አምስቱ አጥንቶች ግን ለመዞር የተሠሩ አይደሉም፤ ሁሉም ተደምረው የሚዞሩት ከ15 ዲግሪ ባነሰ ነው። የሚዞረው የላይኛው ጀርባና የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲደርቁ፣ የጎደለውን እንቅስቃሴ ሰውነታችን ከወገብ ይበደራል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ማታ በተደራራቢ አልጋ ላይ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረን የምናደርቀው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ዳሌና የላይኛው ጀርባ ይፍታታ፣ ወገብ ይጽና።

ለዳሌ፣ ለውዱእ ቁጢጥ እንደምንለው ተረከዝን ሳያነሱ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ከብዙ ጌጠኛ እንቅስቃሴ ይበልጣል። ለኋላ ጭን ጡንቻ፣ ቆሞ ጣትን ለመንካት ከመታገል ይልቅ በጀርባ ተኝቶ ቀበቶ ወይም ሻል በእግር መዳፍ ላይ አድርጎ እግርን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ይሻላል፤ ወገቡ መሬት ላይ ስላረፈ አይጎብጥም። ለላይኛው ጀርባ፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ አንድ እጅን በሌላው ብብት ሥር አሳልፎ መዞር፣ ከዚያም ወደ ሰማይ መክፈት። ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ የሚቆየው ማፍታታት ከልምምድ በኋላ ይሁን። ከልምምድ በፊት ረጅም መወጠር ጡንቻን ለጊዜው ያደክማል፤ በፊት የሚያስፈልገው እየተንቀሳቀሱ ማሟሟቅ ነው።

ወገብን ለማጽናት፣ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የአከርካሪ ተመራማሪ የነበሩት ስቱዋርት ማክጊል የሚመክሯቸው ሦስት ልምምዶች አሉ። አንደኛው በጀርባ ተኝቶ እጅን ከወገብ ሥር አድርጎ ራስና ትከሻን በጥቂቱ ብቻ ማንሳት ነው። ሁለተኛው በጎን ክርን ላይ ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሦስተኛው በእጅና ጉልበት ሆኖ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት። እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅና መድገም ነው እንጂ እስኪንቀጠቀጡ መቆየት አይደለም። በየልምምዱ መቶ «ሲት አፕ» የሚያሠሩ አሰልጣኞች አሉ፤ በአክብሮት እንቃወማቸዋለን።

ብዙዎቻችን ጊዜ የምናገኘው ከሱብሒ በኋላ ስለሆነ ይህን ልብ በሉ። ሌሊት ስንተኛ ጭነት ስለሌለ ዲስኮቻችን ውሃ ይመጣሉ፤ ጠዋት ከማታው ይልቅ በአንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ረዝመን የምንነሳው ለዚህ ነው። እንደተነፋ ጎማ የተወጠረ ዲስክ በጭነት ሲታጠፍ በቀላሉ ይጎዳል። ከተጨመረው ውሃ ግማሽ ያህሉ ከተነሳን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ዚክራችንን አድርገን፣ ቁርኣናችንን ቀርተን፣ ትንሽ ተራምደን ፀሐይ ስትወጣ ብንጀምር ለዲስኩም ለነፍሳችንም ይበጃል። የሶላቱ ሩኩዕና ሱጁድ ጭነት ስለሌለበትና በእርጋታ ስለሚሠራ አያሰጋም።

አንገት ለብቻው መነገር አለበት፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት ዕድሜ ልክ አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላልና። አንገት በተፈጥሮው ትንሽ ወደ ኋላ የቀሰተ ነው፤ ቅስቱ እንደ ስፕሪንግ ምት ይውጣል። አገጭን ወደ ደረት ስንደፋ ቅስቱ ይጠፋና አንገት እንደ ቀጥ ያለ ቀጭን ምሰሶ ይሆናል። በአናቱ ሲገፋ የሚሆነውን የስትራክቸር ትምህርት የወሰደ ያውቀዋል፦ ምሰሶው ይታጠፋል። ሐኪሙ ጆሴፍ ቶርግ በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ላይ ይህንን ካሳዩ በኋላ በአናት መግጨት በ1976 ተከልክሎ ሙሉ ሽባ የሚሆኑት ተጫዋቾች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ለእኛም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ወደ ተጋጣሚ እግር ስንገባ ዓይናችን ወደ ፊት፣ ራሳችን ቀና ይበል። በጁዶ ውድድር ሲጥሉ ራስን ቀድሞ ምንጣፍ ላይ መወርወር በቀጥታ ከጨዋታ የሚያስወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ኋላ ስንወድቅ ግን ተቃራኒው ነው፤ አናታችን እንዳይመታ አገጭ ወደ ደረት ይገባል፣ እጅ ምንጣፉን ይመታል፣ ትንፋሽ ይወጣል። አወዳደቅ ሳይለምዱ መጣጣል መጀመር የለበትም። በአናት ቆሞ «ድልድይ» መሥራትም ለጀማሪ አይደለም። ግንባርን በራስ መዳፍ እየገፉ አንገትን ሳያንቀሳቅሱ መቋቋም ይበቃዋል።

በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ከርት አንግል አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ይዞ ታግሎ ኢራናዊውን ዐባስ ጀዲዲን በማሸነፍ ወርቅ ወስዷል። ይህ ታሪክ በየጂሙ እንደ ጀግንነት ይነገራል። እኛ አርአያ አናደርገውም፤ ሰውየው ራሱ ለዓመታት በሕመም ማስታገሻ ሱስ መሰቃየቱን በይፋ ተናግሯል። ይልቅ በ1956 በሜልበርን ወርቅ ያገኘው ኢራናዊው ጎላምሬዛ ታክቲ ይሻለናል። የተጋጣሚውን የተጎዳ እግር እያወቀ ላለመንካት ሲል መሸነፉ ይነገርለታል። የልምምድ ጓደኛችን ጀርባ እጃችን ላይ የተጣለ አማና ነው። መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅ፣ አንገት አለመጠምዘዝ፣ አንስቶ አለመፈጥፈጥ። ጀርባው ላይ ወድቆ ጉልበቱ ወደ ፊቱ ተጣጥፎ የተጫንነው ሰው አንገቱም ወገቡም በአንድ ጊዜ ጎብጠው ክብደታችንን ይሸከማሉና እዚያ ላይ አንጨክን። የተጫነውም ኩራቱን ትቶ ቶሎ ይምታ።

ከተጎዳንስ? ተራ የወገብ ሕመም በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ቀናትን ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይመከርም፤ በዝግታ መራመድ ይጠቅማል። ሁለቱ ጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ የእግር መዛል ከታየ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ እስከ ነገ አይባልም። በአንገቱ የወደቀን ሰው ማንም አያንቀሳቅሰው፣ «ተነስ ወንድሜ» ብሎ አይጎትተው። ወጌሻዎቻችን ብዙ ወለምታ አሽተው አድነዋል፤ ከአደጋ በኋላ ግን ራጅ ያልተነሳ አንገትና ወገብ ለወጌሻ አይሰጥም። ሒጃማም ቢሆን ከሕክምና ጋር እንጂ በሕክምና ፈንታ መሆን የለበትም።

ስለ ሶላትም የሚጠይቁን አሉ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) በሕመማቸው ጊዜ ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉም በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንደነገሯቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ወገቡ የታመመ ሰው መቆም ከቻለ ይቁም። ማጎንበስ ካቃተው ሩኩዕና ሱጁዱን በምልክት ያድርግ፣ ለሱጁድ ከሩኩዕ ይበልጥ ዝቅ ይበል። በዝርዝሩ ላይ የመዝሀቦች ልዩነት ስላለ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ወንበር የሚያስፈልገው ወንድም ካለ ለመስጂድ ኮሚቴው ይንገር፤ ከሰፉ ጫፍ ላይ ይዘጋጅለታል።